ያልተወለደ ልጅ ወተት

አዲስዓለም ካርዱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ለአራተኛ ልታነበው ስትል ተነሥታ በሩን ከፈተች፤ መልሳም ዘጋችው። መቀመጥ አልቻለችም።

ከደብረ ታቦር ወደ ጉና በሚያወጣው መንገድ ላይ ባለ ጤና ጣቢያ፣ ከካርድ ክፍሉ አቧራ ጋር ስትታገል ሳምንቷ ነው። ድሮ እዚሁ አዋላጅ ነርስ ነበረች። አሁን ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው፤ የመመረቂያ ጥናቷም ፒቱታሪ በምትባለው፣ ከአንጎል ሥር በምትገኝ ሽንብራ የምታህል ዕጢ ላይ ወጥተው ሆርሞን ያለ ልክ ስለሚረጩ እባጮች ነው። አማካሪዋ ዶክተር ዘውገ ሲልኳት፣ "በእኛ አገር የለም የሚባለው ፈልገን ስለማናውቅ ነው። የድሮ ካርድ አገላብጪ፤ ታገኚዋለሽ" ብለዋት ነበር።

አገኘችው። ካርዱ የሰባት ዓመት ነው። "ፈንታነሽ አዳነ፣ ዕድሜ 23፣ ባለትዳር። የወር አበባ ከቀረ ዓመት ከመንፈቅ። ሳትወልድ ከጡቷ ወተት ይፈሳል። ራስ ምታት።" ከሥሩ ደግሞ፣ "ወልዳ የደበቀች ትመስላለች። ተመክራ ተመለሰች" ይላል።

ጽሕፈቱ የራሷ የአዲስዓለም ነው።

ሴትዮዋ ታወሰቻት። በነጠላዋ ደረቷን ሸፍና፣ የረጠበው ቀሚሷ እንዳይታይ ጎንበስ ብላ ነበር የተቀመጠችው። "ልጁን የት አደረግሽው?" ብላ ጠየቀቻት አዲስዓለም። በሩ ገርበብ ያለ ነበር፤ ውጭ ደግሞ የባሏ እናት ቆመዋል። ፈንታነሽ ዓይን ዓይኗን አይታት፣ ነጠላዋን አጥብቃ ወጣች።

አዲስዓለም አሁን ምልክቶቹ የእባጩ መሆናቸውን ታውቃለች፤ ለዶክተር ዘውገ ደወለች። "ተረጋጊ እንጂ" አሉ። "ስሟን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስጪና ትፈልጋት።"

"እሺ" አለች። ግን አልሰጠችም። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ፤ ገና ጉሙ ሳይገፈፍ ካርዱ ላይ ወደተጻፈው መንደር ዳገቱን ተያያዘችው።

የፈንታነሽን ባል ደምሴን ድንች ሲቆፍር አገኘችው። ማን እንደሆነችና ማንን እንደምትፈልግ ስትነግረው ቀና አለ።

"ፈታኋት እኮ፤ ስድስት ዓመት ሆነው" አለ። "ወተት ያለ ልጅ ከየት ይመጣል፣ ሲስተር? ያላችሁት እናንተው አይደላችሁ? እናቴ በጆሮዋ ሰምታለች።"

"ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። በሽታ ነበር።"

ደምሴ መቆፈሪያውን መሬት ላይ ተከለ። ከቤቱ በኩል የሕፃን ልቅሶ ይሰማል፤ ሌላ አግብቶ ወልዷል።

"ፍል ውኃው ያሽረኛል ብላ ወንዛዬ ወርዳ እዚያው ቀረች ይላሉ" አለ በመጨረሻ። ፊቱን አዙሮ መቆፈሩን ቀጠለ።

አዲስዓለም በማግስቱ ሐሙሲት ወረደች፤ ከዚያም ወንዛዬ። ፈንታነሽ ለገላ ታጣቢዎቹ ቆሎና ሳሙና ትሸጣለች አሏት። ከጎኗ ሄዳ "እንደምን ዋልሽ?" ስትላት ሴትዮዋ ደንግጣ ዞረች። አዲስዓለም ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆማ ሳለ አላየቻትም ነበር። አዲስዓለም ምን እንደሆነ ገባት። እባጩ አድጎ የዓይን ጅማቶቹን ሲጫን መጀመሪያ የሚጠፋው የዕይታ የግራና የቀኝ ዳር ነው።

ፈንታነሽ ፊት ለፊት ስታያት ወዲያው አወቀቻት።

"ደግሞ ምን ልትጠይቂኝ መጣሽ?" አለች።

አዲስዓለም በመንገድ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋት። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና እንደመጣላት ነገረቻት፤ ስለ ዕጢዋ፣ ስለ እባጩ፣ ወተቱ ስለሚመጣበት ምክንያት። ካንሰር እንዳልሆነ፣ ብዙ ጊዜም በክኒን ብቻ እንደሚሟሽሽ ነገረቻት።

"ያኔ ይኸን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"ያኔ አላውቅም ነበር።"

"ባታውቂስ ዝም አይባልም?"

ፈንታነሽ ለአንዲት ገዢ ሳሙና ሰጥታ ከሸኘች በኋላ ነው ደግማ የተናገረችው።

"ክኒንሽን እውጣለሁ። አንቺ ግን ያን ቃል አገሬ ሄደሽ ታነሺልኛለሽ። በወረቀት አይደለም፤ በአፍሽ።"

ባሕር ዳር በተነሣው የጭንቅላት ምስል ላይ እባጩ ታየ፤ ከሽንብራ አልፎ የባቄላ ፍሬ አክሎ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን የምትዋጠው ክኒን ከአዲስ አበባ ተፈልጋ እስክትመጣ አዲስዓለም እህል አይወርድላትም ነበር፤ ስልኳን ታነሣለች፣ ትጥላለች።

ክኒኑ በተጀመረ በሁለተኛው እሑድ ጉና ሥር ወዳለው ደብር ወጣች። ፈንታነሽን ለማስከተል ለምናት ነበር። "እኔ ምን ልሰማ እሄዳለሁ? እኔማ መጀመሪያም አውቀዋለሁ" ብላ ቀረች። ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ሙላቴ ሕዝቡን አስቀምጠው፣ "ይህች ልጅ የምትናገረው አላት" አሉ። ተነሥታ ቆመች።

"ፈንታነሽ አርግዛም፣ ወልዳም አታውቅም፤ የደበቀችው ልጅም የለም። ታማ ነበር። በሽታውን ሳላውቅ ስሟን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

የደምሴ እናት ከሴቶቹ መካከል፣ "እኔ እንግዲህ የሰማሁትን ነው ያወራሁት" አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ደምሴ ተነሥቶ ወጣ። አንዲት አሮጊት ብቻ መጥተው እጇን ያዙና፣ "የእኔም ልጅ እንደሷው ሆና ነበር የሞተችው" አሏት። የልጃቸውን ስምና የሞተችበትን ዓመት ነገሯት፤ አዲስዓለም ጻፈችው።

በአምስተኛው ወር የፈንታነሽ ወተት ነጠፈ፤ የወር አበባዋም ተመለሰ። ራስ ምታቷ ለቀቃት። በግራዋ የሚመጣውን ሰው ታያለች፤ ቀኙ ግን ገና ጨለም እንዳለ ነው። ወደ ደምሴ አገር አልተመለሰችም፤ ማንም ነይ አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ፈንታነሽ ለክትትል በመጣች ቀን አዲስዓለምን የካርዶቹን መዝገብ ስታገላብጥ አየቻት።

"እንደኔ ያሉ ስንት ናቸው?" አለች።

"እስካሁን ዘጠኝ ካርድ።"

"ስንቱን አገኘሻቸው?"

"ሦስቱን።"

ፈንታነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። "ታዲያ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?" አለቻት።