ከሦስት ላስቲክ የወጣው ስቲከር

በሰፈሩ «ላስቲክ» ሲባል የማያውቀው የለም። ሥራው ሰዓት መጠገን ነው፤ ቅጽል ስሙን ያገኘው ግን በሌላ ነው። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልወለቀም፤ እንግዳ በተቀመጠ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ሪሞቱ በላስቲክ፣ የመኪናው ወንበር በላስቲክ። ሚስቱማ «እኔን ያልጠቀለልከኝ ላስቲክ ቢያጥርህ ነው» ትለዋለች።

ልጁ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ነገ በትምህርት ቤት ቴአትር ላይ ንግሥት ሆና ትጫወታለች። ቀይ ቀሚሷ ተሰፍቶ አልቆ በልብስ ሰፊዋ በር ላይ የቆመችው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ለብሳዋለች። ልጅቷ በዚያ ባለፈች ቁጥር፣ «እንዳታሰፊብኝ!» እያለች አሻንጉሊቷን ትገላምጣታለች።

ከሰዓት በኋላ ቀሚሱን ሊወስዱ በመኪና መጡ። አባት የቀሚስ መሸፈኛ ላስቲክ ታቅፏል።

«አባዬ፣ እዚሁ አቁማትና በእግራችን እንሂድ።»

«አቧራ ይንካው? በኋላ ማርሽ እስከ በሩ አስጠጋታለሁ። አንቺ ውረጂና ምሪኝ።»

«ና… ና… ና… ኧረ ቁም! አባዬ፣ ቁም!»

ላስቲኩ ከጭኑ ሊንሸራተት ሲል ለመያዝ ጎንበስ ብሎ ነበር። ጓ! አሻንጉሊቷ ተሽቀንጥራ ወደቀች። አንድ እጇ ከነእጅጌው ተገንጥሎ ቦይ ውስጥ ገባ።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወጣች። «አንተ ላስቲክ! አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ምሳ ያገለገለችኝን ልጅ ገደልካት!»

ከማዕዘኑ አንዲት ትራፊክ ፖሊስ መጣች። የመኪናዋን የፊት መስታወት አየች፤ ባዶ ነው።

«የሦስተኛ ወገን መድን ስቲከርዎ የታለ?»

«አለኝ፣ እህቴ! ካሳደስኩት ገና ወሩ ነው።»

«የት ነው ያለው?»

«ቤት። ቁም ሳጥን ውስጥ።»

«ታዲያ የሚነዱት ቁም ሳጥኑን ነው?»

«ፀሐይ እንዳያደበዝዘው ብዬ እኮ ነው…»

«መድን መግባትም ግዴታ ነው፣ መስታወት ላይ መለጠፍም ግዴታ ነው። ስቲከሩ ካልመጣ መኪናዋ ከኔ ጋር ትሄዳለች።»

ልጅቷ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከአባቷ ኪስ መንትፋ በረረች። ስትመለስ ምላሷ ወጥቶ ነበር፤ የያዘችውን ጥቅል ለትራፊኳ ሰጠቻት። ትራፊኳ አንዱን ላስቲክ ፈታች፤ ሌላ ላስቲክ። እሱን ፈታች፤ ሌላ።

«ሽንኩርት ነው እንዴ?»

ስቲከሩ ወጣ። ቀኑ አላለፈም፣ ጠርዙ እንኳ አልታጠፈም።

«ይለጥፉት።»

«ከላዩ ትንሽ ላስቲክ ጣል ባደርግበትስ…»

«ይለጥፉ!»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!» ወዲያው ግን ኮስተር አለች። «ለእኔስ ማን ሊከፍለኝ ነው?»

«መድን ግዴታ የሆነው ለዚሁ ነው» አለች ትራፊኳ። «እሳቸው አንደኛ ወገን፣ መድን ድርጅቱ ሁለተኛ፣ ንብረትዎ የተገጨብዎ እርስዎ ሦስተኛ።»

«እኔ ሦስተኛ? በዚህ ሰፈር ሁሌ አንደኛ ነበርኩ!»

«አደጋውን እመዘግባለሁ፣ እሳቸው ለድርጅቱ ያሳውቃሉ፣ አሻንጉሊቷ ትተካልዎታለች። ቀሚሱስ የማን ነው?»

ልጅቷ ልብስ ሰፊዋን ጠቀሰቻት። ልብስ ሰፊዋ «የእኔ» ልትል አፏን ስትከፍት አባት ቀደመ።

«የልጄ ነው! ውሸት ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«አዬ አባዬ!»

«የራስ ልጅ ደግሞ ሦስተኛ ወገን አይደለችም» አለች ትራፊኳ እየጻፈች። «ቀሚሱ የራስዎ ራስ ምታት ነው።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ቦዩ ውስጥ ወረደችና ጭቃ የጠጣውን እጅጌ ለቀም አድርጋ ጨመቀችው። ይሄ ለአባትየው ከልቅሶ ባሰበት።

«ጨርቁ እኮ አልቋል» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እንዲህ ያለ ቀይ ከየት…» ዓይኗ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ከወንበሩ ላስቲክ ሥር ሰው ያልነካው ቀይ ከፋይ ተኝቷል።

«አይሆንም!» አለ ላስቲክ ገና ሳትጠይቀው። «ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት…»

ልጁ ጭቃ የሚንጠባጠበውን እጅጌ ይዛ አየችው። ወንበሩን አየ። እሷን አየ።

«መቀስ አምጪ» አለ።

ላስቲኩን በገዛ እጁ ቀደደው። «እንዲህ ቀይ ነበር እንዴ?» ብሎ ራሱም ደነገጠ።

በነጋታው ንግሥቲቱ ሁለት የከፋይ እጅጌ ለብሳ መድረክ ላይ ወጣች። ወታደሮቿን ለማዘዝ እጇን ወደ ላይ ስትወረውር፣ ከፊት መቀመጫ አንድ ድምፅ ጮኸ፦

«ኧረ ቀስ በይ፣ ወንበሬን!»