የኩኒሂኮ ቢጫ ዱቄት

ወይዘሮ ቶሞዬ በልጃቸው ሙት ዓመት መንደሪን በጨርቅ ቋጥረው ወደ ቤተ ሙከራው ይመጣሉ። ኩኒሂኮ ይሠራበት በነበረው ጠረጴዛ ፊት ይቀመጡና ብልቃጡን ያያሉ። ልጃቸው ሬኒየም ከሚባል ብርቅ ብረት በእጁ የሠራው ቢጫ ዱቄት ይሟሟበታል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋበታል፣ ሰማያዊ መብራት ይበራበታል። ዱቄቱ በብርሃኑ ጉልበት ያን የማይረባ ጋዝ ነዳጅ ወደሚሠራበት ጋዝ ይለውጣል። የወጣውን ጋዝ በሚለካው መሣሪያ መስኮት ላይ መስመር ሲነሣ እናትየው አንገታቸውን ይደፋሉ።

«ዘንድሮም ተነፈሰ» ይላሉ።

ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ዱቄት እንደገና ቢሠሩም አልሆነላቸውም። የሚሠራው የሱ ብቻ ነው። ተማሪዎቹ «ሞቶም ከኛ ይበልጣል» እያሉ ይቀልዳሉ፤ ሲመሽ ግን ጠረጴዛው አጠገብ ብቻውን የሚቀር የለም።

ዘንድሮ ዱቄቱ ሊያልቅ ነው። ሥራውን የተረከበችው ቺናትሱ የኩኒሂኮ ስም በመጀመሪያ የተጻፈበትን ጥናት ለኅትመት ልትልክ ተቃርባለች። ከዚያ በፊት ግን ማረጋገጥ የፈለገችው ነገር ነበር።

«ዛሬ ከተለመደው የከበደ ካርቦን ያለበትን ጋዝ ነው የምነፋበት» አለች። «የሚወጣው ጋዝም ከባድ ከሆነ፣ በእርግጥ እኛ ከሰጠነው ነው የመጣው ማለት ነው።»

ፕሮፌሰር ኡጋኪ መነጽራቸውን አወለቁ። «እናቱ ፊት?»

«ለአንድ ጊዜ የሚሆን ዱቄት ብቻ ነው የቀረን፣ መምህር።»

«ቀላል ሆኖ ቢወጣስ?»

ቺናትሱ የጋዙን ቱቦ ከብልቃጡ ጋር ማገናኘት ጀመረች። ፕሮፌሰሩም አልከለከሏትም።

ከሰዓት በኋላ እናትየው ባሉበት መብራቱ በራ። መስመሩ ተነሣ፤ የተነሣው ግን ቀላሉ ጋዝ በሚታይበት ቦታ ነው። በከባዱ በኩል ምንም የለም። ወይዘሮ ቶሞዬ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ደፉ። ቀና ሲሉ የሁለቱን ፊት አዩ።

«ምን ሆናችኋል?»

«እናቴ» አለች ቺናትሱ፣ «የሚወጣው እኛ ከምንሰጠው አይደለም። ዱቄቱ ውስጥ ከመጀመሪያው የታሰረ ጋዝ አለ። ብርሃኑ ሲያገኘው ይፈርስና ያንን ይለቃል።»

«ራሱን ነው የሚበላው?»

«አዎ።»

አሮጊቷ ብልቃጡን አተኩረው አዩት። ቢጫው ሳስቷል።

«ማታ ማታ ስደውልለት እዚሁ ነበር የሚሆነው» አሉ። «‹በላህ ወይ?› እለዋለሁ። ‹በላሁ፣ እማዬ፣ አታስቢ› ይለኛል።»

ፕሮፌሰሩ መሬት መሬቱን እያዩ «ጥናቱን አንልከውም። ስሙ አይነሣም» አሉ።

«ለምን አይነሣም?»

«ስህተት ስለሆነ ነው፣ እሜቴ።»

«የሱ ስህተት አይደል? ሦስት ዓመት ስሰግድለት የኖርኩት ለሱ ነው። እንዴት እንደተሳሳተ ጻፉ፤ ስሙንም ከላይ አድርጉት። ሌላ እናት ልጅ እዚህ ተቀምጦ ይህንኑ እንዳይደግመው።»

ቺናትሱ ፕሮፌሰሩን አየች። እሳቸውም በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁን መብራቱን አጥፊልኝ፣ ልጄ። የተረፈውን እንኳ አይብላ» አሉ ወይዘሮ ቶሞዬ።

አጠፋችው። መሣሪያው ግን በተሞላለት ሰዓት ከብልቃጡ አንድ ጊዜ ጋዝ ሳበ፤ መስመሩም እዚያው ቦታ ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ። ቀድሞ የወጣ ጋዝ መሆኑን ቺናትሱ ታውቃለች። እያወቀች እጇ ወደ ማብሪያው ተመልሶ ሄደ፤ መጥፋቱን በጣቷ ዳሰሰች።

ወይዘሮ ቶሞዬ በዚህኛው አልሰገዱም። መስመሩ እስኪወርድ ድረስ እስትንፋሳቸውን ይዘው ጠበቁ።