ውኃ የምታንጠባጥበው መኪና

የእህቴ ባል ፒልጉን በሃይድሮጂን የምትሄደውን መኪና የገዛው ለታይታ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ በወደባችን የዓሣ ገበያ የበረዶ ማመላለሻ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ መኪና ብርቁ አይደለም። የገዛው ለእህቴ ለቦክሱን ሳንባ ብሎ ነው። ቦክሱን ከልጅነቷ ጀምሮ በዓሣ መቀቀያው ጭስ ውስጥ ሠርታ፣ በስተርጅና የናፍጣ ሽታ በደረሰባት ቁጥር ከንፈሯ እስኪጠቁር የምትስል ሆነች። ሐኪሟ ያለው ደግሞ ከተራራው ማዶ፣ ከተማ ነው።

መንግሥት የዋጋውን ግማሽ ደጎመ። የአውራጃው አስተዳዳሪም ወደቡ ድረስ መጥቶ፣ በሚመጣው ጸደይ እዚሁ መሙያ ጣቢያ እናቆማለን አለ። ፒልጉን አመነና የጡረታ ጥሪቱን አራገፈ፤ የጎደለውን ተበደረ። መኪናዋ ድምፅ የላትም፣ ጭስ የላትም፤ ከኋላዋ ጠብ የሚለው ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው። ቦክሱን የመጀመሪያ ቀን ጎንበስ ብላ አየችና፣

"አንተ ሰውዬ፣ መኪናህ ሸናችብህ!" ብላ ሳቀች። ስትስቅ ሳል አልያዛትም። ፒልጉን ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ ከዚያ ወዲህ አላየሁበትም።

ጸደዩ መጣ፣ ሄደ። ለጣቢያው የታጠረውን ቦታ አረም ዋጠው። ፒልጉን ጋዝ ለመሙላት የባሕሩን ዳር ይዞ እስከ ደቡቡ ከተማ መንዳት ግድ ሆነበት። እዚያ ሲደርስ አንዴ የጋዝ መጭመቂያው ተበላሽቷል፣ አንዴ ሰልፉ አያልቅም። ክረምት ላይማ የመሙያው አፍ በቅዝቃዜ ደርቆ ከመኪናዋ ጋር ይጣበቃል፤ እስኪላቀቅ እጅን እያሹ መቆም ነው። የሞላውንም ቤት ሳይገባ ያገባድደዋል።

"ጋሼ፣ ላሟን ለመቀለብ ላሟን እያረድካት ነው እኮ" አልኩት አንድ ቀን።

"አንተ ዓሣህን አጥምድ" አለኝ።

ከዚያ በሽታው ተራ በተራ መጣ። መጀመሪያ የማቀዝቀዣዋ ፈሳሽ ጎደለ። ተራ ፈሳሽ አይገባባትም፤ የራሷ የሆነ ፈሳሽና የራሷ ማጣሪያ አላት፤ ሁለቱ ብቻ የወሩን ጡረታ ጠራርገው በሉት። ቀጥሎ አየር የሚስብላት መሣሪያ ያፏጭ ጀመር። የሠፈራችን መካኒክ ወንቾል ኮፈኑን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው።

"የጀልባ ሞተር አምጣልኝ፣ ትራክተር አምጣልኝ፣ እሺ። ይቺን ከነካኋት ግን እኔንም አንተንም ከባሕር ላይ ነው የሚለቅሙን" አለው።

በመከር ማብቂያ ቦክሱንን ሐኪም ዘንድ ሲወስዳት መኪናዋ ዳገቱ መሐል ጉልበት ከዳት። ቀይ መብራት አበራች፣ አዘገመች፣ ቆመች። ፒልጉን ስልክ ደውሎልኝ ስደርስ፣ ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች ጭሳቸውን እየተፉ ያልፏቸዋል፤ ቦክሱን አፏን በመሐረብ ይዛ መስኮቱን ዘግታለች።

"እንግዲህ እኔም እሷም ትንፋሽ አጠረን" አለችኝ መኪናዋን በእጇ መታ መታ አድርጋ። ፒልጉን አልሳቀም።

መኪናዋን ባስጎተትንበት የከተማው ጋራዥ ያንግ የምትባል ወጣት ባለሙያ መርምራ ስትጨርስ ወንበር አምጥታ አስቀመጠችው።

"አባባ፣ ከጋዙ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭላት ክፍል ደክሟል። ጨው ያለበት የባሕር አየር ስትስብ ነው የኖረችው። መቀየር አለበት።"

"ስንት ነው?"

"ከአርባ ሚሊዮን ዎን በላይ።"

"መኪናዋን ብሸጣትስ?"

"እንዲህ ሆና? የዚህን አምስተኛ የሚሰጥዎ ከተገኘም ዕድለኛ ነዎት።"

"ዋስትና አላት እኮ!"

"በዓመት ቢሆን አላለፈም። በኪሎ ሜትር ግን አልፏል።"

ፒልጉን ከወንበሩ ተነሣ። "እኔ እኮ የትም አልሄድኩባትም። የነዳሁት ጋዝ ልሞላላት ነው።"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። "አውቃለሁ፣ አባባ። እዚህ የሚመጡት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉኝ።"

እሱ ግን እጁን አልሰጠም። ከተጋጨች መኪና የወጣ ክፍል መሐል አገር አግኝቶ ነበር፤ የመኪናዋ ኮምፒውተር ባዕድ ዕቃ አልቀበልም ይላል፣ ኩባንያውም ያገለገለ አልገጥምም አለ። ለብረት ገዢዎች ቢያቀርባት፣ መጀመሪያ የጋዝ ታንኮቿን ባለ ፈቃድ ሰው ያራግፋቸው፣ ሒሳቡንም አንተ ክፈል አሉት። አውራጃው ቢሮ ሄዶ ስለ ጣቢያው ጠየቀ። ሻይ አቀረቡለት፤ ዕቅዱ ተሻሽሏል አሉት።

ቦክሱንን በእኔ ፒካፕ ልንወስዳት ሞከርን፤ ናፍጣ ነውና ከወደቡ ሳንወጣ መለስናት። አውቶቡስ ስትሞክር ጣቢያው ላይ ወደቀች። ኤሌክትሪክ መኪና ግዛ ስለው፣ "የቆመችውን ዕዳ ሳልጨርስ ማን ያበድረኛል?" አለኝ። እውነቱን ነው። በመጨረሻ ቦክሱን ራሷ ቆረጠች።

"ከሆስፒታሉ ጎን ያለው የአረጋውያን ቤት አስገቡኝ። ከዚያ ሐኪሜ ዘንድ በእግሬ እደርሳለሁ።"

"እኔስ?" አላት ፒልጉን።

"አንተማ ዕዳ አለብህ። ሥራ።"

በአምቡላንስ አስገባናት። ፒልጉን ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ጡረታውን ባንክና የአረጋውያኑ ቤት ይካፈሉታል፤ እሱ ጎሕ ሲቀድ ወደቡ ላይ መረብ ያራግፋል። እሑድ እሑድ በአውቶቡስ ሊጠይቃት ይሄዳል። መኪናዋ በራችን ላይ ቆማለች፤ ጎማዎቿ ተንፍሰዋል።

ባለፈው እሑድ አብሬው ሄጄ ነበር። ቦክሱን ከስታለች፤ ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ነው። ይዞላት የመጣውን የሩዝ ገንፎ ሁለት ማንኪያ ቀመሰችለት።

"መኪናዋስ?" አለችው።

"ዕቃው ተገኝቷል። ጸደይ ላይ ትነሣለች። መጥቼ በእሷ ነው የምወስድሽ።"

"ጎሽ" አለችና እጁን ያዘችው።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። "አደራህን፣ እንዳትነግራት። በዚያ ተስፋ ነው ያለችው።"

እሺ አልኩት። ቦክሱን ግን ሁሉንም ካወቀች ሰንብታለች። በስልክ አፋጥጣኝ ነግሬያታለሁ፤ ስጨርስም እሱ ያለኝኑ ነው ያለችኝ፦ "እንዳወቅሁ እንዳትነግረው። በዚያ ተስፋ ነው ያለው።"

ፒልጉን ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። እጆቹ በመረቡ ገመድ ተሰነጣጥቀዋል። እስክንደርስ አልቀሰቀስኩትም።