የአንዲት ዝማሬ ሁለት ቅጂዎች

ኮሚቴው የተሰበሰበው ከመለማመጃው አዳራሽ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነበር። ጉዳዩ አንድ ነው። የመዘምራኑ ጓድ መሪ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ የሚዘመር አንድ ዘመናዊ ድርሰት ሁለት ጊዜ አስቀርጻለች፤ አንዱን በጉልምስናዋ፣ ሌላውን በቅርቡ። አዲሱ ቅጂ ከአሮጌው ካላነሰ በመሪነቷ ትቀጥላለች፤ ካነሰ ቦታዋን ለምክትሏ ትለቃለች። ምክትሏ የእናቷ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሟ ነው።

«ቀድመን እንብላ ወይስ ተርበን እንፍረድ?» አለ ሰብሳቢው።

«የተራበ ዳኛ ፍርዱ አጭር ነው» አለች የአልቶዎቹ አለቃ።

ይህች ሴት አልቶ የሚባሉትን ባለ ወፍራም ድምፅ ሴቶች ትመራለች፤ በኮሚቴውም የዘማሪዎቹ ተወካይ ናት። መሪዋ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከሁሉ አብልጣ የምታዋርደው የእሷን ወገን ነበር። በግራዋ የሚቆሙትን አልቶዎች «እናንተ ድምፅ አልባ ጉንዳኖች» ትላቸዋለች፤ አንዲት አሮጊት ዘማሪን «እቤትሽ ሆነሽ አንጎራጉሪ፤ እዚህ የሚፈለገው ድምፅ ነው» ብላ በሰው ፊት አሰናብታለች።

ድምፅ ቀራጩ መጀመሪያ አሮጌውን፣ ቀጥሎ አዲሱን አሰማ። መሪዋ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ አየሩን ስትመራ ቆየች።

«በአዲሱ ውስጥ ቀድሞ ያልነበረኝ ሙላት አለ» አለች ሲያልቅ።

«ለእኔ ሁለቱም መልካም ናቸው» አለ ሰብሳቢው፤ «ግን የእኔ ጆሮ መነጽር መስቀያ ነው፤ አዋቂዎቹ ይናገሩ።»

በመሪዋ ግራ የተቀመጠው ወንድሟ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እትዬ፣ ፈቃድሽ ከሆነ መካከሉን ብቻ እናስተያይ።»

በዚያ ክፍል ደራሲው የሁሉም ድምፅ እኩል እንዲሆን፣ ማን እንደሚዘምር እንዳይለይ አዝዟል። በአሮጌው ቅጂ ድምፆቹ ጨው በውሃ ውስጥ እንደሚሟሟ ተዋሕደዋል። በአዲሱ ግን አልቶዎቹ ከግድግዳ ማዶ እንደሚጣላ ጎረቤት ብቅ ብለው ጮኹ።

«ማስተካከል አይቻልም ነበር?» አለ ሰብሳቢው ወደ ቀራጩ ዞሮ።

«ዝቅ አድርጌዋለሁ። የምትሰሙት ዝቅ ካለ በኋላ ያለውን ነው።»

«እኛ ምን እናድርግ?» አለች የአልቶዎቹ አለቃ። «‹ከፍ› ተባልን፣ ከፍ አደረግን። ‹አሁንም ከፍ› ተባልን። ማታ ማታ ልጆቼን የምቆጣበት ድምፅ እንኳ አልተረፈኝም።»

«አመለካከቴን ለወጥሁ» አለች መሪዋ ሳትናወጥ። «ያ ድርሰት ስለ ሐዘን ነው። ሐዘን ደግሞ ወፍራም ድምፅ ይወዳል። መሪ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ አመለካከት ይታሰራል እንዴ?»

ሰብሳቢው እፎይ አለ። መልሱ የሚያጠግብ ነበር።

«እንግዲያው ፍጻሜውንም እንስማ» አለ ወንድሟ።

በፍጻሜው አልቶዎቹና በቀኟ የሚቆሙት ቴነሮች፣ ባለ ቀጭን ድምፅ ወንዶቹ፣ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ድርሰቱ ራሱ ያዝዛል። ቀራጩ አሰማ። አልቶዎቹ ወደ ቀኝ በተሻገሩባት ቅጽበት ድምፃቸው ለዘበ፤ ወደ ግራ የመጡት ቴነሮች በፈንታቸው ጮኹ። የኮሚቴው አባላት እርስ በርስ ተያዩ። መሪዋ ብቻ ፈገግ እንዳለች ነበረች።

ያን ጊዜ ወንድሟ ፊቱን ከእሷ አዙሮ፣ ድምፁን እስኪያንሾካሹክ ዝቅ አድርጎ ለኮሚቴው ተናገረ።

«ግራ ጆሮዋ ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀኙም እየደከመ ነው። ሁልጊዜ በዚህ ወንበር የምቀመጠው ሌላ ሰው ተቀምጦ እንዳያናግራት ነው። ራሷ ለምናኝ።»

ቃሉ ለሁሉም ደረሰ፤ ለእሷ ብቻ አልደረሰም። ፍርዱን ለመስማት ሰብሳቢውን ትመለከት ነበር።

«ይህን ሁሉ ጊዜ እያወቅህ?» አለች የአልቶዎቹ አለቃ፣ እንደ እሱ በሹክሹክታ።

«እያወቅሁ።»

«የእኛስ ጉሮሮ?»

«የእናንተ ጉሮሮ ባይደማ ዛሬ ማስረጃ ከየት ይገኝ ነበር?»

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ፤ ከዚያ አሮጌውን መርጦ እጁን አነሣ። የሌሎቹም እጆች ተከተሉ። የመጨረሻዋ የአልቶዎቹ አለቃ እጅ ነበረች፤ ወንድምዬውን ስታይ ቆይታ፣ መሪዋን አየችና አነሣች።

«ምን ሆናችኋል?» አለች መሪዋ። «ፊታችሁ ለቅሶ ቤት መሰለ እኮ።»

ወንድሟ ተነሥቶ በጀርባዋ ዞሮ ወደ ቀኟ መጣ፤ ወደ ጆሮዋም ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ አሮጌው ተመረጠ። ስለ ጆሮሽም ዐውቀዋል።»

ቀና ብላ አየችው። «ማን ነገራቸው?»

«ቅጂው። ቀራጩ የመጨረሻውን ሲያሰማ ተገለጠባቸው። እኔማ ላስተባብል ሞክሬ ነበር።»

እጁን በሁለት እጆቿ ያዘች። «ዐውቃለሁ፤ ወደ እነሱ ዞረህ ስትንሾካሾክ አይቼሃለሁ። ስትለምናቸው ነበር፤ አይደል? አንተ ባትኖር ማን ይከራከርልኝ ነበር፣ የእናቴ ልጅ።»

የአልቶዎቹ አለቃ እውነቱን ለመናገር አፏን ከፈተች። ከመሪዋ ቀኝ፣ ቃል በሚሰማበት በኩል ነበር የተቀመጠችው። የተያያዙትን እጆች አየችና አፏን መልሳ ገጠመች።