የሙሽሮቹ መኪና ቢጫ መብራት

ብልጭ ካለች ተዋት ነው ያሉት ወይስ በርታ ከቀረች ተዋት፣ ከሁለቱ አንዱን ብለዋል፣ ጋሽ ፈንታው ዛሬ ጠዋት መርሳ ላይ መኪናቸውን ለሰርጉ ሲያውሱት ጣታቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አድርገው ብለዋል፣ ሚኪያስም ገብቶኛል ብሏል፣ ግን በዚያው ቅጽበት እናቱ የመኪናዋ ሪባን ዘመመ ብለው ጠሩትና ሊያቃናው ወረደ፣ ምክሩን ግማሹን ይዞ ቀረ። የትኛውን ግማሽ።

ይቺው እንደገና። ብልጭ፣ ብልጭ። ቢጫ ናት፣ ትንሽ መኪና፣ ከሥሯ ሁለት የተጠማዘዙ መስመሮች፣ የምትንሸራተት መኪና ስዕል፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ አይቶ የሚፈራት። ስትንሸራተት ይዤሃለሁ ማለቷ ነው፣ ወይስ ከእንግዲህ ብትንሸራተት አልይዝህም ማለቷ። በሁለቱ መካከል ያለችው ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው እህቱ ናት።

ኤልሳቤጥ ቬሎዋ ውስጥ ልትጠፋ ምንም አልቀራትም፣ ከጎኗ ሰለሙን፣ ከዛሬ ጀምሮ ባሏ፣ ወልድያ ላይ ቤተሰቦቹ ከበሮ ይዘው ደጅ ይጠብቃሉ፣ ሾፌር እንቅጠር ሲባል እምቢ ያሉት የሚኪያስና የኤልሳቤጥ እናት ናቸው፣ ሚኪያስ ይንዳት፣ እሱ ቀስ ይላል፣ ልጄን አደራ። ዝናቡ ጠንከር ቢል ይሻል ነበር፣ አስፋልቱን ያጥበው ነበር፣ ይኼ የበልግ ካፊያ የከረመውን አቧራና ዘይት አርጥቦ መንገዱን እንደ ሳሙና አድርጎታል።

ሚኬ፣ ምነው ቀጥ አልክ፣ ሙሽራ እኮ ነው የጫንከው፣ ጤፍ አይደለም። ሃፍታይ ነው፣ የሰለሙን አንደኛ ሚዜ፣ ከሚኪያስ ጎን ተቀምጦ ክላክሱን በራሱ እጅ ይመታለታል። ከፊት ያለው ፒካፕ ላይ የቆመው ቪዲዮ ቀራጭ በነጻ እጁ አየሩን ግራ ቀኝ ይቀዝፋል፣ አወዛውዝ ማለቱ ነው፣ ከኋላ የተከተሉትማ አስፋልቱን ጠርዝ ለጠርዝ እየተጠማዘዙበት ነው፣ በዚህ መንገድ ቀጥ ብላ ያለፈች የሙሽራ መኪና ማን አይቶ ያውቃል፣ ቀጥ ካለች ልጅቷን ሳይወዱ ሰጧት ይባላል። ያወዛውዛል። ትንሽ። ብልጭ።

እሺ፣ በሥርዓት፣ አንድ በአንድ። መጀመሪያ የበራችው መርሳን ሲወጡ፣ ሲያወዛውዝ። ቀጥ ሲል ጠፋች። ከዚያ ትራክተር ጭቃ ጎትቶ ባወጣበት ቦታ፣ ያኔ አላወዛወዘም፣ ጎማው ብቻ ቀለል አለው፣ ብልጭ አለች። አሁን ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ጣቢያ በር ላይ፣ እንደገና ሲያወዛውዝ። ስለዚህ ጎማው ሲከዳ ትነቃለች፣ ሲይዝ ትተኛለች፣ የተበላሸ ነገር እንዲህ ጊዜ አይመርጥም፣ ስለዚህ እየሠራች ነው፣ ስለዚህ። ወይስ ሽቦ ነው፣ መኪናው ሲናጥ የሚነካካ የላላ ሽቦ፣ እሱም እኮ ልክ እንዲህ ያደርጋል፣ ጭቃውም ላይ ንጦት ነበር፣ አልነበረም፣ ነበር። ቆሞ ለጋሽ ፈንታው ቢደውልስ። የሙሽራ መኪና መንገድ ላይ ቆመ ሊባል ነው፣ ኤልሳ ልጅ ቢታመምባት፣ ቤቷ ቢቀዘቅዝ፣ ያኔም መኪናዋ ቆማ ነበር እያሉ ሊያወሩባት ነው። ቦዩ በግራ በኩል ጥልቅ ነው። ነጭ ቬሎ ቦይ ውስጥ። አታስበው፣ አሰበው፣ የጫማዋን ተረከዝ ሳይቀር አየው።

ምንድን ናት እሷ፣ ሃፍታይ አንገቱን ወደ ዳሽቦርዱ ሰገግ ያደርጋል፣ ይቺን እያየህ ነው ላብ በላብ የሆንከው፣ አቦ ፈታ በል፣ የወንድሜም መኪና አላት፣ ማጥፊያ አላት። ከመሪው ሥር ያለችውን ቁልፍ፣ ያንኑ ስዕል ያለባትን፣ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ይዟት ይቆያል፣ ሚኪያስ ቆይ ሊል አፉን ሲከፍት አልቋል። ቢጫዋ መብለጭለጯን ትታ በርታ ትቀራለች። ይኸው፣ ይላል ሃፍታይ፣ ዝም አሰኘኋትልህ።

በርታ ቀረች። ማጥፊያ ከሆነ ለምን በራች።

ቪዲዮ ቀራጩ ይቀዝፋል፣ ሃፍታይ ክላክሱን ይመታል፣ ሰለሙን እንኳ ያጨበጭባል፣ የሚኪያስ እጅ መሪውን እንደ ቅድሙ ወደ ቀኝ ሰበር፣ ልክ እንደ ቅድሙ፣ ወደ ግራ መለስ፣ እና ኋላዋ አልመለስ አለ፣ የመኪናዋ ግማሽ የራሱን መንገድ ይሄዳል፣ ወገቡ ከመሪው ቀድሞ አወቀው፣ መስኮቱ ውስጥ ፒካፑ መሆን ባለበት ቦይ አለ፣ ፍሬን አትርገጥ፣ አትርገጥ፣ መሪውን ወደሚሸሸው ወገን ይሰጠዋል፣ እግሩን ከነዳጁ ያነሳል፣ ሚኬ፣ የኤልሳ ድምፅ ነው፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ልጅነታቸው፣ ጎማው ነከሰ፣ መኪናዋ ራሷን አንዴ ነቅነቅ አድርጋ ቀናች።

እልልታ። ከኋላ ከየመስኮቱ እልልታ፣ ቪዲዮ ቀራጩ አውራ ጣቱን ሰቅሏል፣ ሃፍታይ ትከሻውን ይመታዋል፣ እንዲህ ነው እንጂ ሾፌር፣ ደብቀኸን ነው። ሆን ብሎ ያወዛወዘ መስሏቸዋል። ሊገድላቸው እንደነበር ከእሱ በቀር ማንም አላወቀም፣ የሰርጉ ቪዲዮም ላይ ይኼ ነው የሚያምረው ክፍል የሚሆነው፣ በየዓመቱ አውጥተው ያዩታል።

እና አሁን ገባው። ስትብለጨለጭ ትይዘው ነበር። ባወዛወዘ ቁጥር አንድ እጅ ከሥር ጎማዎቹን እየያዘ ነበር፣ እሱ ያንን እጅ ሲፈራ መጣ፣ ሃፍታይ ደግሞ አስለቀቀው። ብልጭ ካለች ተዋት፣ እየሠራች ነው፣ በርታ ከቀረች ግን ቀስ በል፣ ጋሽ ፈንታው ያሉት ይኼን ነው፣ ቃል በቃል፣ ሪባኑ ከመዝመሙ በፊት።

ቁልፏን ይጫናታል። ቢጫዋ ትጠፋለች። ክላክሱ ላይ ያለውን የሃፍታይን እጅ አንስቶ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥለታል፣ ቀጥ ይላል፣ ፍጥነቱን ያወርዳል።

ምን ሆንክ፣ ለቀስተኛ የጫንክ አስመሰልከው እኮ፣ ሼም ነው፣ ወልድያ ምን ይሉናል። ይበሉ። ሚኪያስ ፍጥነቱን አልጨመረም። ከኋላ ኤልሳ ናት፣ ሃፍታይ ተወው፣ ጆሮውን አታየውም፣ ጆሮው ከቀላ አትነካካው። ሰለሙን ይስቃል። እሷ አልሳቀችም፣ በመስታወቱ አይኗ ከአይኑ ጋር ተገጣጠመ፣ አወቀች ወይስ አላወቀችም፣ ሜዳ ሜዳውን አየች።

ቀጥ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ከኋላ የተከተሉት በክላክስ ይሰድቡታል፣ ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን ወደ ተራራው አዞረ፣ ወልድያ መግቢያ ላይ አንድ ጊዜ ብልጭ ትላለች፣ ያዢ፣ ይላታል በሆዱ፣ ያዢ።

ከበሮው። ሰዉ መኪናዋን ከበበ፣ በሩ ተከፈተ፣ የኤልሳ ነጭ ጫማ ደረቅ ምንጣፍ ላይ አረፈ፣ ዘፈኑ ዋጣት። አስረክቧል።

ሃፍታይ በመስኮቱ ጎንበስ ይላል፣ ና እንጂ የሙሽሪት ወንድም፣ ወንበርህን ሊወስዱብህ ነው። መጣሁ ይላል። እግሮቹ ግን ገና አልመጡም። መኪናዋን ያጠፋል፣ መልሶ ቁልፉን ያዞራል፣ መብራቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ይበራሉ፣ ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ትንሿም የምትንሸራተት መኪና፣ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃታል፣ ጠፋች። ደህና ናት። ያጠፋል። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ለእርግጠኝነት፣ ያዞራል፣ በራች፣ እስክትጠፋ ይጠብቃል።