ለሁለታችንም እናገራለሁ

ከዓለምፀሐይ ጋር ብዙ ዓመት አንድ መዝገብ ቤት ስንሠራ ወንፈላችን ተዛንፎ አያውቅም። የገበሬ ወንፈል ዛሬ ለእኔ ነገ ለአንተ እንደሚባለው፣ የእኛም እንደዚያው ነበር። በረመዳን እኔ ማልጄ ገብቼ ከዙህር ሰላት በኋላ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፤ ከሰዓቱን እሷ ትይዝልኛለች። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሰግድ ስትውል የሁለታችንንም ሥራ እኔ እሠራለሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ፤ በዚያው ሰሞን ዩኒየናችን ትልቅ ስካነር አስመጣ። ከቀወት እስከ ማጀቴ ያሉት የገበሬ ማኅበራት ወረቀታቸው የሚከማቸው እኛ ጋ ስለሆነ፣ ያን ሁሉ ማን ስካን ያድርግ የሚለው ክርክር ሆነ። የሂሳብ ክፍሎቹ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ይሥራ አሉ። የኮምፒውተሩ ካሚል እኔ ካልሆንኩ ማንም አይነካውም አለ፤ ለማሽን ያለው ቅናት ለሚስቱ ቢሆን ኖሮ ባልፈታችው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደረጄ ግን ወደ መዝገብ ቤት አዘነበሉ። ችግሩ፣ ስካነሩ ከገባ አንድ ሰው ይበቃል፣ ሌላዋ ማጀቴ ቅርንጫፍ ትመደብ መባሉ ነው።

ማጀቴ መጥፎ አገር ሆኖ አይደለም። አባቴ ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ ከእኔ በቀር የሚያስፈጥረው፣ ለሰላት ውሃ የሚያቀርብለት የለም። ቤቱንና የመስጊዱን መንገድ በዳበሳ ያውቃቸዋል፤ ሌላ አገር ብወስደው እንደገና መታወሩ ነው። ዓለምፀሐይ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ስለዚህ ቃል ተገባባን፤ አንዷ ወረቀቱን ታዘጋጃለች፣ አንዷ ማሽኑ ላይ ትቀመጣለች፣ ሥራው የሁለት ሰው ነው ብለን ልንከራከር።

ነገሩ የሚወሰንበት ስብሰባ ከሰዓት ሆነ፣ በእሷ ተራ። ልቅር ወይ አልኳት።

"ሂጂ፣ አባባ ይጠብቁሻል" አለችኝ። "ለሁለታችንም እናገራለሁ።"

ሄድኩ። እንደ ልማዳችን ነው፣ ምን ብዬ እጠረጥራለሁ?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። በማግስቱ ዘበኛው ሳይቀር ዓይኑን ሲሰብርብኝ ነገሩ አልገባኝም። አቶ ደረጄ አስጠርተውኝ፣ ውለታ እንደዋለልኝ ሰው ፈገግ ብለው ነገሩኝ። ስካነሩ ለመዝገብ ቤት ተሰጥቷል፣ ማለትም ለዓለምፀሐይ። እኔ ከዒድ በኋላ ማጀቴ ነኝ። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው እሳቸውም ተገረሙ። ጓደኛዬ በእኔ ስም ተናግራለች፤ የማሽኑ ክፍል ወበቅ ጦመኛ ይጥላል፣ ማጀቴ የሙሀባ እናት ወገኖች አሉ፣ አባቷን ይዛ ብትሄድ ደስታዋ ነው ብላለች። ራሷ ሁዳዴ ይዛ ነው ይህን ያለችው።

"አንቺ አይደለሽ እንዴ የላክሻት?" አሉኝ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ የላክኋት" አልኩ። እውነት ነዋ። ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል፣ የሚለወጥ ነገር የለም አሉ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል የሰነፍ ጋላቢ ማመካኛ ይመስለኝ ነበር። ተናደድኩ፤ ከንዴቱ ይልቅ ግን የባሰብኝ ማፈሬ ነው፣ የተሞኘ ሰው ኀፍረት። መዝገብ ቤት ስገባ ጠረጴዛዬን ለስካነሩ ስታስጠጋ አገኘኋት። ለምን አልኳት።

"ከሁለታችን አንዳችን መሄዳችን ላይቀር" አለች ቀና ሳትል። "እኔም ልጆች አሉኝ ሙሀባ።"

ልጆቿን ያዘልኳቸው እኔ ነኝ፤ ግን ይህን አላልኳትም።

ለመግሪብ ሰላት ጥቂት ሲቀር የቤታችን በር ተንኳኳ። ዓለምፀሐይ በየረመዳኑ ለአባቴ ማፍጠሪያ ፓፓያ ይዛ ትመጣለች፤ ዘንድሮም መጣች። በኢፍጣር ሰዓት የመጣ ሰው ከደጅ አይመለስም፣ ገባች። እኔ ለአባቴ ምንም አልነገርኩትም ነበር፤ እንዴት ብዬ እንደምጀምር እንኳ አላወቅኩም። እሱ ድምጿን ሲሰማ ፊቱ በራና ዱዓ ሊያደርግላት እጁን ዘረጋ። አላህ ዘርሽን ይባርክ፣ ልጄን እንደ እህት የያዝሽልኝ አላት።

ዓለምፀሐይ እንባዋ መጣ። እግሩ ሥር ቁጭ አለች።

"አይስጉ አባባ" አለችው። "እሷ ብትሄድም እኔ አለሁልዎት፣ እየመጣሁ አይዎታለሁ።"

የአባቴ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ፊቱን ድምፄ ሊመጣ ወደሚችልበት አዞረ።

"ወዴት ነው የምትሄደው?"

እሷ አየችኝ። እኔ ፓፓያውን መቁረጤን ቀጠልኩ።

"ንገሪው" አልኳት። "በእኔ ፈንታ መናገር ታውቂበት የለ።"