ሐይማን የተከራየው በጋ

ሰውየው ገና ሳይቀመጥ ማውራት ጀመረ። ሐዘን ቤት ገብቶ፣ ሐዘንተኛዋ አፏን እስክትከፍት ዝም ማለትን ያላወቀ የማን ልጅ ይሆን ብላ ፔርል ቀና አለች። በአይሁድ የሐዘን ወግ በሩ ሳይቆለፍ ስለሚውል ማንም ገፍቶ ይገባል።

«ባለቤትዎ የሕይወት ኢንሹራንሱን፣ ሲሞት የሚከፈለውን ገንዘብ፣ በቁሙ የሸጠለት ድርጅት ነው የላከኝ። እዚች ላይ ይፈርሙልኝ፣ ሁለተኛ አናስቸግርዎትም።»

ፔርል ባሏን ሐይማንን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። መስታወቱ ሁሉ በአንሶላ ተሸፍኗል፤ እሷም በጨርቅ ነጠላ ጫማ አጭሯ በርጩማ ላይ ናት። እጇ ወደ እስክሪብቶው ሄዶ ነበር። ሰውየው እንዲሄድላት ብቻ ነው የፈለገችው።

«በሐዘን ሰባት ቀን ሥራ አይሠራም» አለችና እጇን ሰበሰበች።

«አንዲት ፊርማ እኮ ናት።»

«እግዚአብሔር አንዲት፣ ሁለት አላለም ልጄ። ይልቅ ዓሣ ብላ።»

ጎረቤቷ ሞሪስ፣ ጡረታ የወጣው ጠበቃ፣ ዳቦውን እያላመጠ ተነሳ። «ወረቀቷን ወዲህ በላት።» አነበበና ሳቀ። «ፔርልዬ፣ ወጉ አተረፈሽ። ሻጭ ሐሳቡን መቀየር የሚችልበት ቀን ሳያልቅ ከሞተ፣ በሕጉ ሽያጩ ፈርሷል። ሐይማን የተቀበለውን ከመለስሽ ኢንሹራንሱ ያንቺ ነው። ይቺ ደግሞ መብቴን ትቻለሁ የምታሰኝ ናት።» ወደ ሰውየው ዞረ። «ይህን ለሟቹ ነግራችሁት ነበር?»

ሰውየው ጫማውን አየ።

«እንግዲያው እንከሳለን። ካሳም አለበት።»

ሰውየው ዓሣውን ሳይቀምስ ወጣ።

ልጇ ሮዝሊን አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «እማዬ፣ ያለ ኢንሹራንሱ ይህን ቤት አትይዢውም። ግን አባዬ የተቀበለው ሁሉ መመለስ አለበት። ለሐይቁ ቤት ኪራይ የከፈለውም።»



ፔርልና ሐይማን በወጣትነታቸው የተዋወቁት ከፍሎሪዳ ርቆ፣ ሰሜን ተራራ ላይ ባለው በዚሁ ሐይቅ ዳር ነበር፤ እሱ የሆቴል አስተናጋጅ፣ እሷ አንሶላ አጣቢ። በዚህ የብርድ ወራት ሐኪሙ ልቡ እንደደከመ ሲነግረው፣ ሐይማን ሳያማክራት ኢንሹራንሱን ሸጦ እዚያው ትንሽ ቤት ለሙሉ በጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ተከራየ።

«አንተ ሽማግሌ፣ አብደሃል?» አለችው።

«አብጃለሁ። ከሞትኩ በኋላ የሚመጣ ገንዘብ አብሮኝ አይዋኝም። የዋና ልብስ ግዢ።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ዓሣዎቹ ዕድሜ አይጠይቁም።»

ሁለት ቀን አኮረፈችው። በሦስተኛው ቀን ሰማያዊ የዋና ልብስ ገዝታ ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቀች። ሳታሳየው ሞተ።

ሮዝሊን ደውላ ተመለሰች። «የሐይቁ ቤት ባለቤት ነፍሱን ይማር ብሏል። እናትሽ ከፈለገች ኪራዩን እመልሳለሁ አለ። ምን ልበለው?»

መስኮቱ ላይ የፍሎሪዳ ፀሐይ ይጋረፋል።

«ይመልስ» አለች ፔርል። ደግሞ «የሐይቁ ውሃ በሰኔም ይቀዘቅዛል» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። ባዶ እግሯን ቀስ ብላ ቀዝቃዛው ንጣፍ ላይ አሳረፈችና ዓይኗን ጨፈነች።